ወፍራም የዋንዛ ካውንተር እንዳይጣመም

እህቴ፣ ለኪችንሽ 5 ሳንቲም ውፍረትና 60 ሳንቲም ስፋት ያለው የዋንዛ ካውንተር ልታሠሪ ነው። አናጺው «ውፍረቱ ራሱ ይይዘዋል፣ አይጣመምም» ብሎሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ውፍረት መጣመሙን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። ወፍራም እንጨት ደግሞ አንዴ ከጎበጠ በብሎን ጎትቶ ማቃናት ዘበት ነው።

እንጨት ክረምት ላይ እርጥበት ስቦ በስፋቱ ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ይጠባል። በርዝመቱ ብዙም አይነቃነቅም። የሚጎብጠው አንዱ ገጽ ከሌላው የተለየ እርጥበት ሲይዝ ነው። ስለዚህ ላዩ የተቀባውን ሁሉ ታቹም ይቀባ። ላዩ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ከጠጣ ታቹም ሦስት እጅ። «ማን ያየዋል?» ተብሎ ታቹ ጥሬውን የቀረ ካውንተር ነሐሴ ላይ እንድጠግን ተጠርቼ ነበር። ማስመሪያ በስፋቱ ላይ ሳጋድም መሀሉ ላይ የክብሪት እንጨት በቀላሉ ሾለከ። ጠርዞቹ ወደ ላይ ተነስተዋል ማለት ነው። በመጋዝ የተቆረጡት ጫፎችና የማጠቢያው ቀዳዳ ዙሪያም አይረሱ፤ ከሁሉ በላይ ውሃ የሚመጠው በዚያ ነው።

ድርቀቱን አጣሪ። በአየር ለሚደርቅ ጣውላ የቆየው ስሌት ለየ2.5 ሳንቲም ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው። ያንቺ ወደ ሁለት ዓመት ይፈልጋል ማለት ነው፤ ሻጭ ደግሞ ሁሌም «ደረቅ ነው» ይላል። ስለዚህ ከተገዛ በኋላም ቤትሽ ገብቶ ጥቂት ሳምንት ይቆይ። ሲሚንቶ ወለል ላይ አይጋደም፣ ከሥሩ ቀጫጭን እንጨት ይደረግና አየር በሁለቱም በኩል ይዙረው። ወጥ ሰፊ ጣውላም አትፈልጊ። ከ8 እስከ 10 ሳንቲም ስፋት ያላቸው ቁራጮች በኮላ ተጋጥመው ቢሠሩ ይሻላል።

ካቢኔቱ ላይ በኮላ እንዳያጣብቀው! እንጨቱ መሄጃ ካጣ ይሰነጠቃል። ከሥር በብሎን ይታሰር። የፊቶቹ ቀዳዳዎች ልክ ይሁኑ፤ የኋላዎቹ ግን ከፊት ወደ ግድግዳው ሞላላ ሆነው ሮንዴላ ይግባባቸው። ከግድግዳው ጋር ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይተው፣ ሴራሚኩ ይሸፍነዋል። ከታች አንግል ብረት ልጨምር ካለሽም ጥሩ ነው፣ የብረቱም ቀዳዳዎች ሞላላ እስከሆኑ ድረስ።

በባህር ዛፍ እናርክሰው ካለሽ ግን እሺ እንዳትይው። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ገንዘቡ ካጠረሽ የካውንተሩን ርዝመት ቀንሺ፣ ከዋንዛው ግን አትውረጂ።