የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት፦ ጥያቄና መልስ

ኒው ዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ይህ ሽልማት ከ1943 ጀምሮ ለአሜሪካውያን የሙዚቃ ድርሰት ይሰጣል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሚሸለመው ሰውየው ነው ወይስ ሥራው?

መልስ፦ ሥራው፣ ያውም አንድ ድርሰት ብቻ። የሚታየውም የተጻፈበት ዘመን ሳይሆን አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበበት ወይም የተቀረጸበት ዓመት ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻርልስ አይቭስ ሦስተኛ ሲምፎኒውን ጽፎ ካስቀመጠው ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1946 መድረክ ላይ ተሰማ፤ በ1947 ተሸለመ። ስለዚህ የቆየ ኖታ ከመሳቢያ ቢወጣ ችግር የለም። ከዓመታት በፊት ለሕዝብ የቀረበ ሥራ ግን ጊዜው አልፎበታል።

ጥያቄ፦ ኖታ የሌለውስ ይገባል?

መልስ፦ ይገባል። ከ2004 ወዲህ ኖታ ግዴታ አይደለም፤ የድምፅ ቅጂው ይበቃል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር ጃዝ በወረቀት አይመዘንም። በ2007 ያሸነፈው የኦርኔት ኮልማን አልበም እንዲያውም በማመልከቻ የገባ አልነበረም፤ ዳኞቹ ራሳቸው ናቸው ያመጡት።

ጥያቄ፦ ዳኞች የወደዱት ሥራ አሸነፈ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዳኞች ሦስት እጩዎች ያቀርባሉ፤ የሚወስነው የፑሊትዘር ቦርድ ነው። በ1992 ዳኞቹ የራልፍ ሼፒን ሥራ ብቻ ቢያቀርቡ ቦርዱ ሌላ እጩ ጨምሩ አለ፤ ሽልማቱንም ለተጨመረው ለዌይን ፒተርሰን ሰጠ። በ1953፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1981 ጭራሽ አሸናፊ አልነበረም።

የ1965ቱ እስከ ዛሬ ያስቆጫል። ዳኞቹ የጃዝ ሙዚቃ ደራሲው ዱክ ኤሊንግተን ለዕድሜ ልክ ሥራው ልዩ ክብር ይሰጠው ሲሉ ቦርዱ እምቢ አለ፤ ሁለት ዳኞችም ሥራቸውን ለቀቁ። ክብሩ የተሰጠው በ1999 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ። ጥቁር አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ዋናውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘውም በ1996 ነው፤ ጆርጅ ዎከር።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። መወዳደር እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፤ ከ2025ቱ ሽልማት ጀምሮ ለቋሚ ነዋሪዎችም ተከፍቷል። ዜግነት ያልወሰዳችሁ የእኛ ልጆች ይህን ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ ሥራዬን አስገብቻለሁ። «የፑሊትዘር እጩ» ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። እጩ የሚባሉት ዳኞቹ ለቦርዱ ያቀረቧቸው ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜዳሊያውስ?

መልስ፦ ለሙዚቃ የለም። የሚሰጠው 15,000 ዶላርና የምስክር ወረቀት ነው፤ የወርቅ ሜዳሊያው በጋዜጠኝነት ዘርፍ ለሕዝብ አገልግሎት ብቻ ነው።