ደንበኛ የሚጣላችሁ በቁጥር ነው

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ደሴ ላይ በትርጉም ሥራ ለመኖር ለምታስቡ ልጆቼ፣

እንደማየው የምትፈሩት ከባድ ቃል ነው። አብሽሩ፤ ቃል መዝገበ ቃላት ላይም፣ የሙያው ሰው ዘንድም ይገኛል። የንግድ ሰነድ የሚበላሸው ማንም ልብ በማይለው ቦታ ነው።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ የቅጥር ውል መተርጎም የተለመደ ሆኗል። ውሉ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይጠቅሳል። እንግሊዝኛው ላይ ግን 1156/2019 ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣው ራሱ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያትመው እንዲህ ነው። 2011ን እንዳለ የገለበጠ ተርጓሚ ፈረንጁ የሌለ ሕግ ሲፈልግ እንዲውል ያደርጋል። የበጀት ዓመታችንም ሰኔ 30 ሲዘጋ በእነሱ ጁላይ 7 ነው። ጁን 30 ብላችሁ ከጻፋችሁ አንድ ሳምንት በላችሁ። ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ጨረታው ከጠዋቱ 4፡00 የሚዘጋ ከሆነ እንግሊዝኛው ላይ 10፡00 መሆን አለበት። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ደንበኛውን ከጨረታ ያስወጣል፤ ይቅርታም አይሠራም።

ስለ ፎንት ትንሽ ልማረር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚያነብበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዛሬም በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምኑም አይነበብም። እንዲህ ሲገጥማችሁ የታተመውን ቅጂ አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ወደ ዩኒኮድ ከቀየራችሁት በኋላ በዓይናችሁ አመሳክሩት።

ሠንጠረዥ በስፔስ አትደርድሩ፣ በጭራሽ! ፎንቱ ሲቀየር ዓምዱ ይፈርሳል፤ የሐምሌ ሒሳብ ነሐሴ ሥር ገብቶ ታገኙታላችሁ። የኦዲት ሪፖርቱ ድምር ራሱ ስህተት ከሆነ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታርሙ። ለደንበኛው በማስታወሻ ንገሩት፤ ፊርማው የእሱ ነው።

ስካን የተደረገና ማኅተም የበዛበት ወረቀት ሲመጣ በገጽ ብቻ አትዋዋሉ። ሠንጠረዡን እንደ አዲስ መሥራት ከትርጉሙ በላይ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ለብቻው አስከፍሉ። ማኅተም የሸፈነውን አኃዝ አትገምቱ። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ዋናውን ወረቀት እዩ። የመኪናውንም ሒሳብ ዋጋው ውስጥ አስገቡት።