ስታር ዋርስን ከ4 ጀምሪ፤ ልጁን ግን ፊልም ቤት ይዘሽው አትሂጂ

ሰላም እህት ዓለም። «ኮምቦልቻ ነኝ። ክረምቱን ከ11 ዓመት ወንድሜ ጋር ስታር ዋርስን ከጥግ እስከ ጥግ ልናይ ነው። ከክፍል 1 ልጀምር ወይስ ከ4? ሁሉም የየራሱን ይለኛል» ብለሻል። ስታር ዋርስ ማለት ዘጠኝ ክፍል ያለው የጠፈር ጦርነት ፊልም ነው፤ መልሱ ይኸው፦ 4፣ 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 6። የቀረውን ከታች እነግርሻለሁ። «ቁጥሩን ተከትለሽ ሂጂ፣ ምን ያስጨንቃል» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ወይ ፊልሙን አላዩትም፣ ወይ ካዩት ቆይተው ረስተውታል።

ሰውን የሚያሳስተው ራሱ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያው ፊልም በ1977 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ክፍል 4 የሚባል ነገር አልነበረበትም። ስሙ ስታር ዋርስ ብቻ ነበር። «ክፍል 4» የሚለው የተለጠፈበት በ1981 እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባ ነው። ክፍል 5 በ1980፣ 6 ደግሞ በ1983 ወጡ። 1፣ 2 እና 3 የመጡት ከስንት ዘመን በኋላ፣ በ1999፣ በ2002 እና በ2005 ነው። ሦስቱንም የታሪኩ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ራሱ ነው ዳይሬክት ያደረጋቸው። ስታያቸው ያስታውቃሉ፤ የድሮዎቹን ላየ ሰው የተሠሩ ናቸው። ምንም ለማያውቅ ልጅ 1ን ብትከፍቺለት ስለ ንግድ ቀረጥና ስለ ሴኔት ክርክር እየሰማ እንቅልፉን ይለጥጣል።

1. የክፍል 5ን ምስጢር እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ አንቺም አላየሽው ይሆናል። ይህን ያህል ብቻ ልበልሽ፦ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀው ሰውዬ፣ ዳርት ቬደር፣ ለዋናው ልጅ ለሉክ አንድ ነገር ይነግረዋል። ሠሪዎቹ ነገሩ እንዳይሾልክ ብለው፣ ሲቀረጽ ጭምብሉ ውስጥ የነበረውን ዴቪድ ፕራውስን የውሸት ቃል ነው ያናገሩት። ሉክን የሚጫወተው ማርክ ሃሚል እውነቱ የተነገረው ቀረጻው ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ነው። ትክክለኛው ቃል ኋላ ለቬደር ድምፁን በሰጠው ተዋናይ፣ በጄምስ አርል ጆንስ ድምፅ ገባ። አየሽ፣ ከገዛ ተዋናዮቻቸው የደበቁትን ነገር ነው ከ1 የሚጀምር ሰው ክፍል 3 ላይ ቁጭ ብሎ የሚያገኘው። ከዚያ 5 ላይ ሲደርስ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እያለ ያዛጋል።

2. 1፣ 2 እና 3ን በ5 እና በ6 መሃል ክተቻቸው። 5 ልብ አንጠልጥሎ ነው የሚያልቀው። ወንድምሽ «ሰውዬው የተናገረው እውነት ነው?» ማለቱ አይቀርም። መልስ አትስጪው። 1ን ክፈችለትና ወደ ኋላ ውሰጂው። 3 ሲያልቅ ሳትውይ ሳታድሪ 6ን ግቢበት። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚከተለው ነው። አንድ ሌላ ምክንያት ግን ጨምሪበት። አሁን እጃችን ላይ ያለው ክፍል 6 በ1983 የታየው አይደለም። በ1997 ተነካክቷል። በ2004 ለዲቪዲ ሲዘጋጅ ደግሞ መጨረሻው ላይ የነበረ አንድ ተዋናይ ወጥቶ በምትኩ በ2 እና በ3 የሚተውነው ወጣት ገባበት። 2ን እና 3ን ያላየ ሰው እንባውን እየጠረገ ሳለ «ይሄ ልጅ ደግሞ ማነው?» ብሎ ይደናገራል።

1ን ጭራሽ አስወጥተሽ 4፣ 5፣ 2፣ 3፣ 6 በይ የሚሉም አሉ። «ማሼቴ ኦርደር» ይሉታል፤ በ2011 አንድ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ብሎጉ ላይ ጽፎት ነው የታወቀው። ለአዋቂ ያስኬዳል። ልጅ ካለ ግን 1ን እንዳትነኪ። እሽቅድምድሙ አለ፣ በሁለት ወገን የሚበራ ሰይፍ የያዘው ቀዩ ሰውዬ አለ። የእህቴ ልጆች እስከ ዛሬ መጥረጊያ እንጨት ይዘው የሚደባደቡት በእሱ ሰበብ ነው።

3. ፍላሽሽን ራስሽ አዘጋጂ፣ ሲያስጭኑም ልጁ አጠገብሽ አይቁም። እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔ ያለሁት ደሴ ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ፊልም ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። ትልቁን የእህቴን ልጅ አስከትዬ ሄድኩ። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፌ፣ አጣጥፌ፣ ፍላሹን ጨምሬ ሰጠሁት። ልጁ ባንኮኒው ላይ ክርኑን ተክሎ ፖስተሮቹን ያያል። ሰውዬው ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበና ሳቀ። «ጋሼ፣ ቁጥር ረሱ እንዴ? ከ4 ይጀመራል?» አለኝ። በትህትና «ምክንያት አለኝ፣ እንዳለ ጫንልኝ» አልኩት። እሱ ግን የሚለቅ ዓይነት አይደለም። «ለዚያች ለ5ቷ ነገር ብለው ነው አይደል?» አለና፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ ጮክ ብሎ፣ እቅጩን ዘረገፈው። ማን የማን ምን እንደሆነ። በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ልጁ ክርኑን ከባንኮኒው አነሳና ቀና ብሎ አየኝ። «አጎቴ፣ እውነት ነው?»

ምን ልበለው? ሰውዬውን «ምነው፣ ልጁ እኮ አላየውም!» ብለው፣ «ፊልሙ የወጣው እኔ ራሴ ሳልወለድ ነው፤ ምን ምስጢር አለው?» ብሎ መለሰልኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ሂሳቡንም አልቀነሰም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቤት ገብተን ስንከፍተው ፋይሎቹን ከ1 እስከ 9 በቁጥር ደርድሯቸዋል። ወረቀቴን ምን እንዳደረገው እንጃ። ክፍል 5 በሩሲያኛ የተተረጎመ ነው። ክፍል 2 መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በማግስቱ መልሼ ብወስድለት «ፍላሽዎ ቫይረስ አለው» አለኝ። ቫይረሱን አጸዳሁ ብሎም ሌላ ሂሳብ ጠየቀኝ! አልከፈልኩትም፤ ወላሂ ያን ቀን ድምፄ ሸዋ በር ድረስ ተሰምቷል።

ስለዚህ አንቺ እንዲህ አድርጊ። ፊልሞቹን መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ ገልብጪ። የራስሽ ከሌለ እናንተ ጋ ካምፓስ አለ፤ የተማሪዎች ሃርድ ዲስክ ላይ የማይገኝ ነገር የለም። እያንዳንዱን ፊልም መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ከፍተሽ እዪ። መጀመሪያውን ብቻ አይተሽ አትመኚው፤ ጉዱ ያለው መሃል ላይ ነው። ከዚያ ስማቸውን ቀይሪ። ለ4 ከፊቱ 01፣ ለ5 02፣ ለ1 03 እያልሽ ቀጥዪ። ቴሌቪዥኑ የሚደረድረው በስም ነው። ከፊቱ ዜሮ ካልጨመርሽበት ብዙ ቲቪ ላይ 10 ከ2 ቀድሞ ይመጣል። የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ብዙ ቲቪ አያነበውም። ቲቪሽ እንደኔው የቆየ ከሆነ ደግሞ ፍላሹን ፋት 32 ካልሆነ አልከፍትም ሊልሽ ይችላል። ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። «ጥራቱ የመጨረሻው ነው» እያሉ ትልልቁን ፋይል ሲሰጡሽ አትቀበይ፤ መካከለኛው ይበቃል።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። ትልቁ ልጅ ተበላሽቶብኝ ነበር፣ ትንሿ ግን ቀርታኛለች። እሷ 9 ዓመቷ ነው። ወንድሟን ጠርቼ አስማልኩት። መሐላው ስላላስተማመነኝ በየፊልሙ አንድ ፓስቲ ጨመርኩበት። ዝም አለልኝ። ተመስገን።

ከ4 ጀመርን። መጀመሪያ ላይ የሚንሸራተተውን ቢጫ ጽሑፍ እኔ ባማርኛ እያነበብኩላቸው ነው ያየነው፤ አንቺም እንደዚያ አድርጊ፣ አትዝለይው። በረሃው ሲመጣ ቡና እያፈሉ የነበሩት እናቴ ቀና ብለው «ይሄ ከባቲ ወደ ሚሌ መውረጃው አይደለም እንዴ?» አሉ። ቱኒዝያ ነው ብላቸው አላመኑኝም። እውነትም ይመስላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሳቸውም ተመልካች ሆኑ። ፊልሙ የሚጀመረው አቦሉ ሲቀዳ ሆነ።

5 ላይ ያቺ ሰዓት ደረሰች። ልጅቷ እጇ ቆሎው ውስጥ ነው። ቬደር ተናገረ። እጇ እዚያው ቀረ። አንድ ሁለት ፍሬ ከጣቷ መሃል ወደቀ። ከዚያ ብድግ አለችና ቲቪውን «ውሸቱን ነው! ውሸታም!» ብላ ጮኸችበት። እናቴ «ዝም በይ፣ ይጨርስ!» ይላሉ። ወንድሟ አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ይንፈራገጣል። እኔ ቲቪውን ትቼ እሷን ነበር የማየው። ፊልሙ እንዳለቀ መብራት ሄደ። አንዳንዴ መብራትም ያዝናል። ጨለማ ውስጥ ሆነው፣ እሷ ውሸት ነው፣ አያቷ ሰው እንዲህ ባለ ነገር አይዋሽም እያሉ ተከራከሩ። ይህን ክርክር ነው ከ1 የሚጀምሩ ሰዎች ያጡት። ያ ፊልም ቤት የትልቁን ልጅ የዘረፈውም ይህንኑ ነው።

ከ6 በኋላ ያለው ቀላል ነው። 7፣ 8 እና 9 (2015፣ 2017፣ 2019) በቁጥራቸው ይታያሉ። እኔ 9ን አልወደድኩትም፤ ልጆቹ ወደዱት፣ አንከራከርም።

ሮግ ዋን (2016) ላይ ግን ልትታለይ ትችያለሽ። ታሪኩ የሚያልቀው 4 ሊጀምር ሲል ስለሆነ «ከ4 በፊት እዪው» ይሉሻል። እንዳትሰሚያቸው። ጥሩ ፊልም ነው፤ ለእኔ ከአዲሶቹ ሁሉ ይበልጣል። ግን የሚያምረው መጨረሻው የት እንደሚገጥም ስታውቂ ነው። ለ11 ዓመት ልጅ መክፈቻ ለማድረግም ከበድ ይላል። ከ6 በኋላ አስቀምጪው።

አንዶር የሚባለው ተከታታይ በ2022 እና በ2025 የወጣ ነው፤ ሁለት ሲዝን፣ 24 ክፍል። ከሮግ ዋን በፊት ያለውን ያወራል። ለወንድምሽ ሳይሆን ለአንቺ ነው። እሱን አስተኝተሽ እዪው።

ማንዳሎሪያን የሚባለው ተከታታይ ከ6 አምስት ዓመት ያህል በኋላ ያለ ታሪክ ስለሆነ 6 እንዳለቀ ልትገቢበት ትችያለሽ። አረንጓዴውን ሕፃን ያየ ልጅ ሌላ አትክፈቱብኝ ይላል፣ ተዘጋጂ።

ክሎን ዋርስ፣ አኒሜሽኑ፣ በ2 እና በ3 መሃል ያለ ታሪክ ነው። 7 ሲዝን፣ 133 ክፍል። «ቦታው እዚያ ነው» ብለሽ መሃል ላይ ከከተትሽው 6ን የምታዪው በመጪው ክረምት ነው። ስድስቱን ጨርሱና ከዚያ ጀምሩት። መጀመሪያ አካባቢ ያሉት ክፍሎች የተላለፉት በታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም፤ አንድ ሰው ሞቶ ኋላ ሲመጣ ብታዪ ፍላሹ ተበላሸ እንዳትዪ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በስታር ዋርስ ዋናው ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል፤ አውርጂና አትሚው። የአኒሜሽኑ የመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች ከፊልሙ ክፍል 3 ጋር በአንድ ጊዜ የሚሆኑ ናቸው። እነሱን ስትጨርሱ ወንድምሽ 3ን ድገሚልኝ ቢልሽ እንቢ አትበይው።

ሶሎ (2018) የሚባልም አለ። ካገኘሽው እዪው፣ ካጣሽው አትፈልጊው።