እናትሽን ይዘሽ ጣሊያን ለምትሄጂው እህት፦ ከሌባው ይልቅ ለወረቀቱ ተዘጋጂ

ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽን ይዘሽ ሮም ልትሄጂ ነው፤ የምታርፉት አክስትሽ ልጅ ቤት ነው፤ ከዚያ ፍሎረንስና ቬኒስ ታያላችሁ፤ መሃል ላይ ደግሞ ለንደን እህትሽ ጋ ደርሰሽ ለመመለስ አስበሻል። «ሌባ በሽ ነው ይላሉ፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሻል። ቀድመው የመለሱልሽ ሰዎች «ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዢ» ብለው አልፈዋል። ልክ ናቸው፣ ግን አይበቃም። እኔም እንዳንቺ እናቴን ይዤ፣ እንዳንቺ ዘመድ ቤት አርፌ ነው የሄድኩት። እዚያ ያየሁትን አንቺ እንዳታዪው ስለምፈልግ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ አትፍሪ። ሮም ቢላ አውጥተው የሚዘርፉሽ ከተማ አይደለችም። እማዬና እኔ ማታ ማታ በእግራችን ስንዞር ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። የዚያ አገር ሌባ በእጅ ብልሃት ነው የሚሠራው። ሲወስድብሽ አታውቂም።

1. ለንደኑን እርሺው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ላይ በኛ ፓስፖርት ላይ እርምጃ ወስዷል። ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ቪዛ የሚያስገባው) እንዳይሰጥ ተደረገ፤ የመልስ መጠበቂያውም ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ፓስፖርትሽ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ እይው፤ የመግቢያ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ 01 የሚል ከሆነ አንዴ ከሼንገን ከወጣሽ አለቀ፣ ለንደን ደርሰሽ ሮም መመለስ የለም። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ የለችም፤ ቪዛዋም ለብቻው ነው። የመመለሻ ትኬትሽ ሮም ላይ፣ አንቺ ለንደን ላይ ትቀሪያለሽ። እህትሽ የእንግሊዝ ፓስፖርት ካላት እሷ ሮም ትምጣ። እሷ ያለ ቪዛ ትገባለች።

2. የአክስትሽን ልጅ ዛሬውኑ ደውለሽ አነጋግሪያት። ጣሊያን ውስጥ የውጭ ዜጋ ቤቱ የሚያሳድር ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ዘመዴ ናት፣ እናቴ ናት ማለት አይሠራም። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለ ነው፤ ያላሳወቀ ሰው ከ160 እስከ 1,100 ዩሮ ይቀጣል። ወረቀቱን «ዲኪያራዚዮኔ ዲ ኦስፒታሊታ» ይሉታል። የአስተናጋጇ መታወቂያ ኮፒ፣ የእናንተ ፓስፖርት ኮፒ፣ አንድ ቅጽ፤ በቃ ይኸው ነው። እዚያ ዘመናቸውን የኖሩ ልጆች ሳይቀሩ «ኧረ ማን ይጠይቃል!» ይሉሻል። የእኛም ዘመድ እንደዚያው ብላኝ ነበር። ነዝንዤ አስሞላኋት፤ ማህተም ያረፈበትን ኮፒም ተቀብዬ ያዝኩ። እንኳንም ነዘነዝኩ!

ሆቴል ስታርፉ ሆቴሉ ራሱ ያሳውቃል፤ ፍሎረንስና ቬኒስ ላይ ስለዚህ አታስቢ። ትኬት ገና ካልቆረጥሽ ደግሞ ቀጥታ ከአዲስ አበባ ሮም የሚበረውን ያዢ። በፍራንክፈርት ወይም በቪየና ቀይራችሁ ከገባችሁ የድንበር ቁጥጥሩን የምታልፉት እዚያ ነው። እንደዚያ ከሆነ ጣሊያን በገባችሁ በ8 ቀናት ውስጥ እናንተ ራሳችሁ ለፖሊስ ማሳወቅ አለባችሁ። በቀጥታ በረራ ከመጣችሁ የፊዩሚቺኖው (የሮም አየር ማረፊያ) ድንበር ይበቃችኋል።

3. ቴርሚኒ። የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ነው፤ የትም ብትሄዱ በዚያ ማለፋችሁ አይቀርም። ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለእማዬ ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ «በይ እዚህ ጋ ፎቶ አንሺኝ» አለች። ፎቶው አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። አንቺም እናትሽን እዚያ ሳታነሺ እንዳታልፊ።

ጣቢያው ውስጥ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። ትኬት የሚሸጠው ማሽን ጋ «ላግዝሽ» እያለ የሚጠጋሽን ሰው አመስግነሽ አባርሪው። ሻንጣ ልሸከም ባዩንም እንደዚሁ። እኛ ላይ የደረሰው ግን እዚያ አይደለም፤ ባቡሩ ውስጥ ነው።

ወደ ፍሎረንስ ልንሄድ ገብተን ተቀምጠናል። ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። አንዲት ለብሳ ያማረባት ወጣት በመተላለፊያው መጣችና እማዬ እግር ሥር ሳንቲም በተነች። ባለ ሁለት ዩሮው፣ ባለ ሃምሳው፣ ቀያዮቹ ትንንሾቹ እየተንከባለሉ ወንበር ሥር ገቡ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጭና ደነገጠች። እማዬ ምን ታድርግ? የሰው ገንዘብ ወድቆ እያየች ዝም አትል። ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች፤ እኔም አብሬያት ጎንበስ አልኩ። የለቀመችውን በሁለት እጇ ስትሰጣት ልጅቷ ደረቷን ይዛ አመሰገነቻት። ቀና ስንል የእማዬ ቦርሳ የለም። ከኋላችን ተቀምጦ የነበረው ሰውዬም የለም። ልጅቷም በሩን ወጥታለች።

ፓስፖርቷ፣ የያዘችው ገንዘብና የጸሎት መጽሐፏ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሻንጣችንን ጎትተን ወረድን፣ ባቡሩ ትኬታችንን ይዞ ሄደ።

ሌባው የወሰደውን ወሰደ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የገባንበት የፖሊስ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም። መስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። በእንግሊዝኛ ስጀምርለት በእጁ «አልችልም» አለና ስልኩን መነካካት ቀጠለ። ፓስፖርት መሰረቁን ጽፌ ሳሳየው ነገ ተመለሱ የሚል ምልክት ሰጠኝ። እናቴ ጉልበቷን እያመማት ቆማለች። ባዶ ወንበር እያለ ተቀመጪ ያላት የለም። በእድሜዋ አገሯ ላይ ሰው ሁሉ ተነስቶ የሚያስቀምጣት ሴት ናት። ያን ቀን የዋጥኩትን እንባ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንደዚህ ሲሉሽ «እሺ ነገ» ብለሽ እንዳትሄጂ። የስርቆት ማመልከቻውን «ዴኑንቻ» ይሉታል። የተሰረቅሽበት ጣቢያ ብቻ ነው የሚቀበለው የሚባለው ውሸት ነው፤ የትኛውም ፖሊስ ወይም ካራቢኒዬሪ (ሌላው የጣሊያን ፖሊስ) ቢሮ ሄደሽ ማስመዝገብ ትችያለሽ። እኛም ወጥተን ሌላ ቢሮ ገባን። ዘመዳችንን ደውዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩትና እሷ አስተረጎመች። ይኼኛው ሰውዬም መጀመሪያ ፊቱን አኮሳትሮ «የት ነው ያረፋችሁት? በምን ይታወቃል?» አለ። ያቺን የነዘነዝኩባትን ባለ ማህተም ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቀጥዬ የፓስፖርቷንና የቪዛዋን ኮፒ። አየት አደረገና ወንበር ሳበላት። መጻፍ ጀመረ። ወረቀቱ ባይኖር ቀኑን ሙሉ ማን ናችሁ፣ እንዴት ገባችሁ፣ የት ትኖራላችሁ ስንባል እንውል ነበር።

ጽፎ ሲጨርስ በችኮላ አልፈረምንም። የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ የአባት ስም ተዘሎ ነበር። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርገህ አስተካክል ብዬ አስተካከለ። የፓስፖርቱ ቁጥርና የቪዛው ቁጥር ዴኑንቻው ላይ መጻፉን አረጋግጪ። ማህተምና ፊርማ ያለበትን ሁለት ቅጂ ጠይቂ፤ አንዱ ኤምባሲ ሊቀር ይችላል፣ አንዱ ለአየር ማረፊያው።

ኤምባሲያችን ሮም ውስጥ አለ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ዴኑንቻ ነው፤ ከዚያ የፓስፖርቱ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመመለሻ ትኬት። ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ ወደ አገር የሚያስገባ ወረቀት) ተሠራላት። ፍሎረንስን ሰረዝን እንጂ እማዬ በተያዘላት ቀን፣ በተያዘላት አውሮፕላን አገሯ ገባች። ፊዩሚቺኖ ላይ የድንበር ፖሊሱ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ልቤ ቆሞ ነበር። ግን ምንም የጎደለ አላገኘም። እዚህ ላይ ቀጥታ በረራ መሆኑ እንዴት እንደጠቀመን አስቢው። በሌላ አገር ቀይረሽ ብትሄጂ ሊሴ ፓሴ ይዞ ትራንዚት ሌላ ራስ ምታት ነው።

ስለዚህ አሁኑኑ የፓስፖርታችሁን፣ የቪዛችሁንና የኢንሹራንሳችሁን ኮፒ አድርጊ። አንዱን ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱን የአክስትሽ ልጅ ቤት፣ ፎቶውን ኢሜይልሽ ላይ። ጉርድ ፎቶም ያዢ፤ እኛ በዚያ ጭንቀት ፎቶ ቤት ስንፈልግ ነበር። ለቪዛው የገዛሽው ባለ 30,000 ዩሮ ኢንሹራንስ የተሰረቀ ዕቃ ይከፍላል ብለሽ ግን አታስቢ። ግዴታው ሕክምናና ወደ አገር መመለሻ ነው።

«ታዲያ ፓስፖርቱን ቤት ትቼው ብወጣስ?» ትይ ይሆናል። ሕጉ የውጭ ዜጋ ፖሊስ ሲጠይቀው ሰነዱን እንዲያሳይ ያስገድዳል። እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ እንዳየሁት ባቡር ጣቢያ አካባቢ ቀድሞ የሚቆመው የኛን መልክ ያለው ሰው ነው። ከልብስ ሥር የሚታሰረውን ስስ የወገብ ቦርሳ ግዢ፤ ፓስፖርት እዚያ ይግባ። እናትሽ እምቢ ካሉ የሳቸውንም አንቺ ያዢው። የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ መሐረብና ውሃ ይበቃቸዋል።

4. ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው፤ ሲጨናነቅ አትግቡ። ዝግ የሚለውን የክልል ባቡር በወረቀት ትኬት ከተሳፈራችሁ ከመግባታችሁ በፊት መድረኩ አጠገብ ያለው ማሽን ላይ ምቱት፤ ካለዚያ ትኬት እያላችሁ ትቀጣላችሁ። የኮሎሴየም ትኬት ስም ይጻፍበታል፤ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ሙሉውን ሙሉት። እጅሽ ላይ አምባር የሚያስሩት «አፍሪካ፣ እህቴ» እያሉ ነው የሚጠጉሽ፤ ልብሽ እንዳይራራ፣ እጅሽን ሰብስበሽ እለፊ። መንገድ ላይ የተዘረጋ የታዋቂ ብራንድ ቦርሳ በርካሽ እንዳትገዢ። ፎርጅድ ዕቃ የሚገዛውም ይቀጣል፣ ቅጣቱም እስከ 7,000 ዩሮ ይደርሳል። ፊዩሚቺኖ ስትደርሱ ነጩን የከተማ ታክሲ ያዙ፤ መሃል ከተማ ድረስ በማዘጋጃ ቤቱ የተወሰነ ዋጋ አለው፣ «ታክሲ ታክሲ» እያለ በር ላይ የሚጎትታችሁን አትከተሉ። ለማንኛውም ድንገተኛ ነገር 112 ነው።

እናትሽ ጿሚ ከሆኑ ረቡዕና ዓርብ አይቸገሩም። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ ሲያዙ ደረቁን ይበሉ፤ ትኩሱ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ቫቲካን ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ ልብስ ይፈልጋል፤ ነጠላ ካላቸው ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። የአክስትሽ ልጅ የምትኖረው ሮም ከተማው ውስጥ ነው ወይስ ወጣ ብሎ? ሮም ከሆነ የእንግዳ ማሳወቂያውን የሚቀበለው ፖሊስ ነው፤ የፖሊስ ቢሮ የሌለው ትንሽ ከተማ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የኛን ቅጽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ስሞቹን እየቀየራችሁ መሙላት ትችላላችሁ።