መጀመሪያ ድንጋይ ይገልብጡ፣ ዘንጉ በኋላ ይደርሳል

የዴንቨርና የአውሮራ ወላጆች፣ ይኼ ልጅን ዓሣ ማጥመድ የማስጀመር ምክር በዋናነት ለእናንተ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም አንብቡት፤ ከላይሰንሱና ከወቅቱ በቀር ነገሩ ያው ነው።

ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ረጅም ገመድ ወደ ኋላ ወደ ፊት የሚያወናጭፍ ሰው ከመኪናችሁ አይታችሁ «ሥራ የፈታ ፈረንጅ» ብላችሁ ያለፋችሁ ብዙ ናችሁ። ያ ፍላይ ፊሺንግ ነው። መንጠቆ ላይ ላባና ክር ይጠቀለልና ነፍሳት ይመስላል፤ ዓሣው የእውነት መስሎት ይነክሳል። ልብሱንና ዕቃውን ያየ ሰው የሀብታም ጨዋታ ነው ይላል። ለትልቅ ሰው እውነት አለው። ለትንሽ ልጅ ግን ለአንድ ወቅት የሳከር ክለብ ከምትከፍሉት በታች ያስጀምራል።

ለምን ይኼን ትመክረናለህ ለምትሉኝ፣ ልጆቻችን የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ነጥብ አለበት። ሒሳብ ቱቶር፣ ሳከር፣ ፒያኖ፣ ሁሉም ጋ አንድ ነጥብ የሚመዘግብ ሰው ቆሟል፣ እኛም ከዳር ሆነን «የእገሌ ልጅ እኮ» እንላለን። ውሃ ዳር እገሌ የለም። እባካችሁ እዚያም «ስንት ያዝክ?» ብላችሁ አታበላሹት።

መጀመሪያ ምንም አትግዙ። አማዞን ላይ የማጥመጃ ዘንግና የጎማ ሱሪ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነጭ ሳህን ይዛችሁ ወንዝ ዳር ሂዱ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሞሪሰንን አለፍ ስትሉ ቤር ክሪክ አለ፤ ሌር ኦ ዘ ቤር የሚባለው ፓርክ በእሱ ዳር ነው። ጠባብ ውሃ ነው፣ ብራውን ትራውት የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አሉበት። በሰመሩ መጨረሻ ውሃው ሲቀንስ ዳር ላይ ለልጅ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ልጁ የጡጫ ያህል ድንጋይ አውጥቶ ይገልብጠው። ከሥሩ የተጣበቀ ነገር አለ። ለጥ ያለና ሦስት ጭራ ያለው ብዙውን ጊዜ ሜይፍላይ የሚባለው ነፍሳት ልጅ ነው። ወፈር ብሎ ሁለት ጭራ ያለው ስቶንፍላይ ነው። ከሁሉም ግን ልጆች የሚወዱት ካዲስን ነው፤ የአሸዋ ቅንጣትና ጥቃቅን ጠጠር ከራሱ አፍ በሚወጣ ሐር እያጣበቀ እንደ ቱቦ ያለ ቤት ይሠራና ውስጡ ይኖራል። ሳህኑ ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ትንሽ ቆይቶ ራሱንና እግሮቹን ብቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ቤቱን እየጎተተ መሄድ ይጀምራል። ይኼን እያየ ያለ የ5 ዓመት ልጅ ስልክ ሲጠይቅ አላጋጠመኝም። ስትጨርሱ ወደ ውሃው መልሱት፣ ድንጋዩንም እንደነበረ አስቀምጡት።

ይኼ ማሞቂያ አይደለም፣ ዋናው ትምህርት ነው። ትራውት የሚበላው እነዚህን ነው። በኋላ የማጥመጃ ሳጥን ስትከፍቱለት ልጁ ራሱ አይቶ «ይቺ ካዲሷ ነች» ይላችኋል፣ የትኛውን እንደሚመርጥም ምክንያት ይኖረዋል።

አሁን ወደ ዘንጉ። በተራው ዓሣ ማጥመድ የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ክብደት ነው ገመዱን ጎትቶ የሚወስደው። እዚህ ግን ማጥመጃዋ፣ ላባና ክር የተጠቀለለባት መንጠቆ፣ ክብደት የላትም፤ የምትወረውሩት ገመዱን ራሱን ነው። ስለዚህ ጉልበት አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ነው። ወደ ኋላ ታነሳላችሁ፣ ገመዱ ከኋላችሁ እስኪዘረጋ ቆም ትላላችሁ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ገጠር ያደጋችሁ የቡሄ ጅራፍ ታውቃላችሁ አይደል? እንቅስቃሴው እሱን ይመስላል፣ ግን እንደ ጅራፍ ከጮኸ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ማጥመጃዋም ተበጥሳ ሄዳለች። ልጆች ከአባቶቻቸው ቀድመው ውርወራውን የሚለምዱት ለዚህ ይመስለኛል፤ አባት ሁሌ በጉልበት ነው።

ልምምዱ ሳር ላይ ይሁን፣ ያለ መንጠቆ። በመንጠቆው ፈንታ ቀይ የሱፍ ክር እሰሩ፤ መሬት ላይ ሁላ ሁፕ አስቀምጡና እዚያ ውስጥ እንዲያሳርፍ አድርጉት። 10 ደቂቃ ይበቃል። እናንተም ከልጁ በፊት ተለማመዱ፣ ምክንያቱም ውሃ ዳር ስትደርሱ ገመድ የምትፈቱት እናንተ ናችሁ።

ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሪል፣ ማለትም ገመዱ የሚጠቀለልበት መዘውር፣ ያለው ዘንግ አልመክርም። ቴንካራ የሚባል የጃፓን ዘንግ አለ። ሪል የለውም፣ ገመዱ ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ በቃ። ለልጅ አጠር ያለውን ፈልጉ፣ ገመዱም ከዘንጉ ርዝመት አይብለጥ። 100 ዶላር አካባቢ ደህና ነገር ይገኛል። 8፣ 9 ዓመት ሲሞላውና እጁ ሲጠነክር 8 ጫማ ገደማ የሆነ፣ ቁጥር 4 ወይም 5 (ቁጥሩ የሚሸከመው ገመድ ክብደት ነው) ዘንግ ከነሪሉ ትገዛላችሁ። ሱቅ ውስጥ «ይኼስ?» እያለ ሌላ ነገር የሚጨምርባችሁ ሻጭ ካለ ፈገግ ብላችሁ ውጡ። ደህና ሱቆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ውርወራ በነጻ ያስተምራሉ። ትራውት አንሊሚትድ የሚባለው ማኅበርም ለልጆች ፕሮግራም ስላለው በአካባቢያችሁ ያለውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን የግድ ነው። መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የምትመለስ ትንሽ እሾህ አለች። በፒንሳ ጨፍልቋት፣ ሁሉንም፣ ቤት ሳላችሁ። ያኔ የልጁ ጣት ላይ ወይም የእናንተ ጆሮ ላይ ቢሰካ በቀላሉ ይወጣል፣ ከዓሣውም አፍ ቶሎ ይወጣል። መነጽርና ኮፍያ ያለ ክርክር፣ ለእናንተም ለልጁም። ዓይን ላይ ከተሰካ ግን አትንኩት፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የመጀመሪያው ዓሣ ትራውት እንዲሆን አትፈልጉ። ትራውት ጥላ አይቶ ይሸሻል፣ ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። ኩሬ ሂዱ፣ ብሉጊል ፈልጉ። እጅ የምታህል፣ አፏ ትንሽ፣ ሁሌ የራባት ዓሣ ናት። በሜይ መጨረሻና በጁን ዳር ዳሩ ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ሠርታ ስለምትጠብቅ ጥርት ባለ ውሃ ከላይ ሆናችሁ ታዩዋታላችሁ። ከፎም የተሠራች ትንሽ ተንሳፋፊ ማጥመጃ፣ ፖፐር የሚሏትን፣ የመንጠቆ ቁጥሯ 10 ወይም 12 የሆነ፣ ጣል አድርጋችሁ ውሃው ላይ የተፈጠረው ክብ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ ልጁ ትንሽ ነካ ያድርጋት። «ጧ» የምትል የመሳም ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ዘንጉ ጎበጥ ይላል፣ ልጁ ይጮኻል። ስትይዟት ጀርባዋ ላይ እሾህ ስላለ ከራሷ ወደ ጭራዋ እየዳበሳችሁ አስተኙት።

ከተማ ውስጥ የዋሽንግተን ፓርክና የሲቲ ፓርክ ሐይቆች ቅርብ ናቸው። ከኋላችሁ ሯጭና ጋሪ የሚገፋ ሰው ስለሚያልፍ ከመወርወራችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ፤ ልጁም ይኼን እንደ ሕግ ይልመደው።

ስለ ውሃ አደጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ኮሎራዶ ውስጥ ሜይና ጁን ተራራው ላይ ያለው በረዶ የሚቀልጥበት ጊዜ ነው። ወንዙ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፣ ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል፣ ትልቅ ሰውም ይወስዳል። በዚያ ወቅት ልጅ ይዛችሁ ወንዝ አትሂዱ፤ ኩሬው ላይ ቆዩ። ወንዙን ከጁላይ አጋማሽ በኋላ። ልጁ ኩሬም ዳር ቢሆን ላይፍ ጃኬት ይልበስ። ሰመር ላይ ደግሞ ተራራው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይወዳል፤ እነዚህ ዘንጎች አብዛኞቹ ካርቦን ስለሆኑ መብረቅ ያስተላልፋሉ። ጠዋት ውጡ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ መኪና ውስጥ ሁኑ። ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ ከሆነ ተኙ፣ ሌላ ቀን ይደርሳል፤ እንቅልፍ ይዞት ልጅ የሚጠብቅ ሰው አልወድም።

45 ደቂቃ ካጠመደ በቂ ነው። ዳቦ ቆሎ ያዙ፣ ቅያሪ ካልሲ ያዙ። ድንጋይ መወርወር ካማረው ይወርውር፣ ዓሣው ይሸሻል፣ ምንም አይደል። «ትንሽ እንቆይ» እያለ እያለቀሰ ቢሄድ ይሻላል፤ ሰልችቶት ከሄደ በሚቀጥለው አይመጣም። ሁለት ልጆች ካሉ አንድ ዘንግ፣ በተራ። እናንተ የራሳችሁን ዘንግ አትዘርጉ።

ላይሰንስን በተመለከተ ኮሎራዶ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ አያስፈልገውም። እናንተ ራሳችሁ የምታጠምዱ ከሆነ ግን ያስፈልጋችኋል፤ ከስቴቱ ድረ ገጽ ወይም ከዋልማርት ይገዛል። የጁን የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ለሁሉም ነጻ ስለሆነ ለመሞከር እሱን ተጠቀሙበት። ቨርጂኒያና ሜሪላንድም ከ16 በታች ነጻ ነው። ሲያትል ያላችሁ፣ በዋሽንግተን ስቴት ከ15 በታች ነው። እንግሊዝ ከ13 በታች አያስፈልገውም፤ ከ13 እስከ 16 ነጻ ቢሆንም ወረቀቱን ማውጣት ግዴታ ነው። ጀርመን ያላችሁ እናንተ ፈተና አለባችሁ፣ የልጆቹም ደንብ እንደየክልሉ ስለሚለያይ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ሬንጀር ቢመጣ አትደንግጡ። ላይሰንሳችሁን ያያል፣ ልጁን «ያዝክ ወይ?» ይለዋል፣ ይሄዳል። የምትጠነቀቁት ሌላ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ወንዝ በግል መሬት ካለፈ ከውሃው በታች ያለው መሬትም የባለቤቱ ነው። አጥር ወይም «መግባት ክልክል ነው» የሚል ካያችሁ ውሃውን ተከትለን ነው ብላችሁ አትግቡ። የሕዝብ ፓርክ ሞልቷል።

እናቶቻችን ከሀገር ቤት ሊጠይቁን ሲመጡ አብረውን ወጥተው ዓሣውን ስንለቀው ካዩ አንድ ጥያቄ አላቸው። «ልትለቀው ከሆነ ለምን አሰቃየኸው?» ጥያቄው ልክ ነው፣ ልጆችም ይጠይቁታል፣ ስቃችሁ አትለፉት። የኔ መልስ ይኼ ነው። አንዳንድ ውሃ ላይ መልቀቅ ሕግ ነው። ሌላው ላይ በቀን እስከ 4 ትራውት መውሰድ ይፈቀዳል፤ እያረቡ ከሚጨምሩበት ኩሬ የተያዘውን እኔ እበላለሁ። አንዱን ከልጁ ጋር አጽዱት፣ ሆዱን ከፍታችሁ የበላውን ነፍሳት አሳዩት፣ ከዚያ ዱቄት ነካ አድርጋችሁ ጥበሱትና በዳጣ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ተዉት። የምትለቁትን ደግሞ በወጉ ልቀቁ። እጃችሁን አርጥቡ፣ ቆዳው ላይ ያለው ልጋግ መከላከያው ነው፣ በደረቅ እጅ ይላጣል። ፎቶ ለማንሳት ሳር ላይ አታስተኙት። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ትራውት ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል፤ በዚያ ቀን ብሉጊል ላይ ሁኑ።

ልጆቹን ይዛችሁ ሀገር ቤት ልትገቡ ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ወሬ ላቀብላችሁ። ባሌ ተራራ ላይ ትራውት አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፣ ብራውኑም ሬይንቦው የሚባለው ዓይነትም፤ ወይብና ዳንካ ወንዞች ላይ ይገኛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ከተማ ነው፤ ፈቃድና ክፍያውን እዚያ ጠይቁ፣ አስጎብኚም ከዚያው ይመደብላችኋል። ቴንካራው ሲታጠፍ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ በልብስ መሃል ይገባል። መንጠቆዎቹን ግን የእጅ ቦርሳ ውስጥ አታድርጉ፣ ፍተሻ ላይ ጭቅጭቅ ነው።