«የነገረኝ ሁሉ እውነት ነው፤ ታዲያ እንዴት ከእግዚአብሔር አይሆንም?»

ጥያቄ፦ ጅዳ በቤት ሠራተኝነት የምኖር የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። «ባሕታዊ ነኝ» የሚል ሰው ደውሎ የክርስትና ስሜንና የእናቴን መታመም ነገረኝ። «መተት ተደርጎባችኋል፤ ሰባት ሱባኤ እይዝላችኋለሁ፤ 20 ሺህ ብር ስለት አስገቢ። ለማንም፣ ለንስሐ አባትሽም ቢሆን አትናገሪ፤ ከተናገርሽ እናትሽ ትሞታለች» አለኝ። ግማሹን ልኬአለሁ። የተናገረው ሁሉ ልክ ስለሆነ ቀሪውን ማስቀረት ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ቀሪውን አትላኪ።

ሰው የተሰወረ ነገር በትክክል ስለተናገረ ብቻ ከእግዚአብሔር ተልኳል አይባልም። በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ ያደረባት ገረድ እነጳውሎስን እየተከተለች «እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» እያለች ትጮኽ ነበር (ሐዋ. 16፥17)። ከቃሏ ሐሰት አይገኝበትም። ጳውሎስ ግን መንፈሱን አስወጣው፤ ተቆጥተው የከሰሱትም በእርሷ ጥንቆላ ገንዘብ ያገኙ የነበሩ ጌቶቿ ናቸው። ኦሪትማ ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ከአምላክሽ የሚያርቅሽን አትስሚ ትላለች (ዘዳ. 13፥1-3)። ስለዚህ «እንዴት አወቀ?» ከማለት ይልቅ «ወዴት እየወሰደኝ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

እንዴት አወቀ ላልሽውም መንፈስ ላያስፈልገው ይችላል። በፌስቡክና በቲክቶክ ስብከት ሥር «ወለተ እገሌ ነኝ፣ እናቴ ታማብኛለች፣ በጸሎት አስቡኝ» ብለን የምንጽፈው ራሳችን ነን። ያንን ለቅሞ የሚደውል ሰው ሞልቷል።

እኔን ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠኝ «ለንስሐ አባትሽ አትናገሪ» ማለቱ ነው። ሱባኤ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክራል፤ ሥርዓታችን ይህ ነው። ካህኑን የሚሸሽ ሱባኤ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ከይሁዳ ወደ ቤቴል የተላከውን የእግዚአብሔር ሰው አስቢ (1ኛ ነገ. 13)። በዚያ አገር እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር። ንጉሡ ኢዮርብዓም ሲጋብዘው እንቢ አለ። አንድ ሽማግሌ ነቢይ ግን «እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ነገረኝ» ብሎ ሲዋሸው ተመልሶ በላ፤ በመንገዱም አንበሳ ገደለው። ጠላት ሆኖ የመጣውን ንጉሥ አወቀበት፤ በወንድም መልክ የመጣውን ግን ሳይመረምር ተቀበለ። አንቺም ንስሐ እንድትገቢ በግልጥ ታዝዘሻል። ያንን የሚሽር ቃል በሕልምም፣ በራእይም፣ በስልክም ቢመጣ አትቀበዪው።

ስለ ገንዘቡ፦ ነቢዩ ኤልሳዕ ከለምጹ ከነጻው ከንዕማን ምንም አልተቀበለም፤ በስሙ ዋሽቶ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ የወሰደው ሎሌው ግያዝ ግን ለምጽ ወጣበት (2ኛ ነገ. 5)። አሥራት፣ መባና ስለት ለደብሩ ይሰጣሉ፤ በደብሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይገባሉ፤ ማኅተም ያለው ደረሰኝም ይቆረጥላቸዋል። በግለሰብ ስም የባንክ ቁጥር ወይም ቴሌብር ሲላክልሽ እዚያው አቁሚ።

«ስለቱን ካላስገባሁ» ብለሽ አትጨነቂ። ስለት አንቺ በፈቃድሽ፣ በአንደበትሽ ለእግዚአብሔር የምትሳዪው ነው (ዘዳ. 23፥21-23)። ሌላ ሰው በሞት አስፈራርቶ የጣለብሽ ዕዳ ስለት አይባልም፤ አያስርሽም።

ዛሬውኑ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪ። ከሰውየው ጋር አትከራከሪ፤ መልእክቱንና የላክሽበትን ማስረጃ ሳታጠፊ ቁጥሩን ዝጊው። አገር ቤት ያለ የምታምኚው ዘመድ ማስረጃውን ይዞ ለባንኩና ለፖሊስ ያመልክት። «አገልጋይ ነኝ» የሚል ሌላ ሰው ቢደውልም የትኛው ደብር፣ በየትኛው ሀገረ ስብከት እንደሚያገለግል ጠይቂና ደብሩን ራስሽ አጣሪ፤ እርሱ በሚሰጥሽ ቁጥር አይሁን። እንዲህ ስል ግን የእግዚአብሔርን ስጦታ ሁሉ ጠርጥሪ ማለቴ አይደለም፤ ሐዋርያው ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ነው ሁሉን ፈትኑ ያለው (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)።

እናትሽን ቤተሰብ ሐኪም ቤት ይውሰድልሽ፤ የአጥቢያዋን ካህናትም ጠርተው የቀንዲል ጸሎት ያስደርሱላት (ያዕ. 5፥14)። ጠበልም ትጠመቅ፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ግን አታቋርጥ።