የአሳ ተረፈ ምርት ለእንቁላል ጣይ ዶሮ? አዎ፣ ግን ተቀቅሎ

እህቴ፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው መኖ) ስለተወደደብሽ፣ ጣና ዳር የሚጣለውን የአሳ ጭንቅላትና አንጀት ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎችሽ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። የታረደ ዶሮ አንጀትስ ብለሻል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር አሳውን ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ።

የዶሮውን ተዪው። የዶሮን አንጀት ለዶሮ መመለስ በሽታ ማዞር ነው። አሳው ግን ሀብት ነው። ከአንድ ቆሮሶ አሳ ለፊሌቶ፣ ማለትም አጥንት ለሌለው ሥጋ፣ የሚወጣው ሲሶው ያህል ነው፤ ሌላው ለፔሊካን ሲሳይ ይሆናል። ፋጉሎ የሚጎድለው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል አሳ ውስጥ ሞልቷል።

ጥሬውን ግን እንዳትሰጪ፣ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለ። እኔ በተቆረጠ በርሜል ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት እቀቅለዋለሁ። አስቀድመሽ የአምባዛውን አፍ ከፍተሽ እዪ፤ መንጠቆ ተሰክቶ ይቀራል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በጭልፋ ግፈፊ። ይሄን አትናቂው፤ ዱቄቱን የሚያበላሸውም፣ እንቁላሉን ሽታ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከዚያ ሸራ ላይ በስሱ አስጪው። የጀርባ አጥንቱ በእጅሽ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከታጠፈ ገና ነው። እህል ወፍጮ ቤት አይቀበሉሽም፣ አይፈረድባቸውም። በሙቀጫ ውቂው።

መጠኑ ላይ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ዶሮዎቹ ሲሻሙበት አይቼ ከ100 ኪሎ መኖ ውስጥ 15 ኪሎ አስገባሁ። በሳምንቱ ቁርስ ቤት ያላት ደንበኛዬ ሁለት ትሪ እንቁላል መለሰችልኝ። «አሳ አሳ ይላል» አለችኝ። ቤቴ ወስጄ ጠበስኩት፤ እውነቷን ነው። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከ5 ኪሎ አልፌ አላውቅም። እሱም ቢሆን 7 ኪሎ ገደማ ፋጉሎ ይተካልሻል። ዶሮዎችሽ ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ ከሆኑ ከ3 ኪሎ ጀምሪ፣ አንዳንዶቹ ላይ ሽታው ቶሎ ይወጣል። ኖራውን ደግሞ አትቀንሺ፤ የአሳው አጥንት ብቻውን ለቅርፊት አይበቃም።

ጊዜውንም አስቢበት። በሁዳዴ አሳ በደንብ ይሸጣል፣ ተረፉም ይበዛል፣ ፀሐዩም አለ። እንቁላል ግን ያን ሰሞን ገበያው ይቀዘቅዛል። እኔ ያኔ አድርቄ፣ ክዳኑ በሚገጥም በርሜል አስቀምጬ፣ ለፋሲካ ገበያ እደርስበታለሁ። ከሁለት ወር በላይ ግን አላቆየውም። በክረምት አልሞክረውም፣ ሳይደርቅ ይተላል።

ስትሄጂ በጠዋት ሂጂ፣ ክዳን ያለው ባልዲ ይዘሽ። ፊሌቶ ከሚያወጡት ልጆች እጅ ትኩሱን ተቀበዪ። መሬት ላይ ሲንከባለል የዋለውን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።